ብረቱ ከማን ጋር ነው የታሰረው? ስለ ሮኬት ነዳጅ ማፋጠኛዎችና ስለ ተማሪው ፊርማ

ላለፉት ሁለት ወራት በማኅበራችን አባላት መካከል ሲያከራክር የቆየው ጉዳይ ከኬሚስትሪ ክፍል ወጥቶ ወደ ምግብ አዳራሹና ወደ መኝታ ክፍሎቻችን ስለ ገባ፣ በዚህ ዕትም ላይ አቋማችንን በጽሑፍ ማስፈር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ጉዳዩ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ በድኅረ ምረቃ ትምህርት ላይ ላሉ ጥቂት የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን፣ የጠጣር ሮኬት ነዳጅን አነዳደድ የሚቆጣጠሩ ብረት አዘል ቅመሞችን በሚያጠና አንድ ቤተ ሙከራ የረዳትነት ሥራ ቀርቦላቸዋል። ክፍያው ከስኮላርሺፕ አበላችን በብዙ ይበልጣል። ሥራውን የሚቀበል ተማሪ ግን በዚያ ያየውንና የሠራውን ለማንም እንዳይገልጽ፣ በመመረቂያ ጽሑፉም ላይ እንዳያሰፍር ፈርሞ ይገባል። ይቀበሉ ወይስ ይተዉት? ክርክሩ ይህ ነው።

ይህን የምንጽፍ የሕክምና ተማሪዎች ነን። «ሐኪም ስለ ሮኬት ምን አገባው?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ነገሩን ስናጠናው ያገኘነው ግን እነዚህ ቅመሞች ከእኛ የመማሪያ መጻሕፍት ያን ያህል የራቁ አለመሆናቸውን ነው፤ ከወባ መድኃኒት፣ ከደም ማነስና ከእንቅርት ጋር ሳይቀር ይገናኛሉ። ደግሞም ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ከተናገሩት መካከል ብዙዎቹ የሚደግፉት ወይም የሚቃወሙት ነገር ምን እንደ ሆነ ሳያስረዱ ስለ ተቀመጡ፣ ከክርክሩ በፊት ስለ ነገሩ ራሱ ጥቂት መናገር ይሻላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በከሰል ምድጃ ላይ ቡና የምታፈላ እናት እሳቱን በማራገቢያ ታበረታዋለች፤ ሲበዛባትም አመድ አልብሳ ታበርደዋለች። ይህን ማድረግ የምትችለው ከሰሉ የሚነድበትን ኦክሲጅን ከአየር ስለሚወስድ ነው። የጠጣር ሮኬት ነዳጅ ግን አየር አይጠብቅም። የሚነደውና የሚያነደው በአንድነት ተቦክተው፣ ጎማ በሚመስል ማያያዣ ተይዘው፣ በሮኬቱ ሆድ ውስጥ ይደርቃሉ። ኦክሲጅን ሰጪው አብዛኛውን ጊዜ አሞኒየም ፐርክሎሬት የሚባል ነጭ ጨው ነው፤ የሚነደው ደግሞ የጎማው ማያያዣና የአሉሚኒየም ዱቄት ነው። አንዴ ከተለኮሰ ማራገቢያም አመድም አይደርስበትም፤ ማጥፊያ የለውም። ኦገስት 22 ቀን 2003 በብራዚል የአልካንታራ ማስወንጨፊያ ጣቢያ፣ ሮኬቱ ከመወንጨፉ ቀናት አስቀድሞ አንዱ ጠጣር ሞተር ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ 21 ባለሙያዎች ሞተዋል። እነዚህን ሰዎች የሚያድን ቁልፍ የሚጫን እጅ በዓለም ላይ አልነበረም።

እንግዲህ እሳቱ ምን ያህል እንደሚፈጥን አስቀድሞ፣ ነዳጁ ገና ሲቦካ መወሰን አለበት። ለዚህ መሐንዲሶች ያላቸው መንገድ ጥቂት ነው። በነዳጁ መካከል የሚተውትን ቀዳዳ ቅርጽ ይለዋውጣሉ፤ ኮከብ ቢያስመስሉት የሚነደው ገጽ ይሰፋል። የጨውን ቅንጣት ያደቅቃሉ ወይም ያጎላሉ። ከዚያም በጣም ጥቂት የሆነ ማፋጠኛ ይጨምራሉ። ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ግፊት ነው። ግፊት ሲጨምር መንደዱ ይፈጥናል፤ መንደዱ ሲፈጥን ግፊቱ ይጨምራል። ይህ ዙር ከልክ ካለፈ የሮኬቱ ቆዳ አይችለውም። እኛ ይህን ስናነብ የታወሰን የደም ግፊት ነው፤ ግፊቱ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የተጎዳው ኩላሊት መልሶ ግፊቱን ያንረዋል፣ ሐኪሙም በመካከል ገብቶ ዙሩን ካልሰበረው ሰውየው ይጠፋል። በሮኬቱ ግን በመካከል የሚገባ ሐኪም ስለሌለ ሁሉም ነገር በቅመማው ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ብረት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ተራው የብረት ዝገት፣ ማለትም የብረት ኦክሳይድ፣ የፐርክሎሬቱን መፈራረስ ያፋጥናል። የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከ1981 እስከ 2011 ሲበር በጎንና በጎኑ ይሸከመው የነበረው እያንዳንዱ ጠጣር ሞተር 500 ቶን ያህል ነዳጅ ነበረው፤ ከዚህ ውስጥ 70 ከመቶ ገደማ አሞኒየም ፐርክሎሬት፣ 16 ከመቶ አሉሚኒየም ሲሆን የብረት ኦክሳይዱ ግን 0.4 ከመቶ ብቻ ነበር። ያ ሁሉ በሁለት ደቂቃ ያህል ነድዶ ያልቃል። ከመካከላችን አንዱ ሒሳቡን ሠርቶ ነበር፤ 0.4 ከመቶው ሁለት ቶን ዝገት ይሆናል፣ በውስጡ ያለው ብረት 1,400 ኪሎ ያህል ነው፣ ይህም ለእርጉዝ ሴት በሚሰጠው ባለ 60 ሚሊግራም ክኒን ቢመነዘር ከ23 ሚሊዮን ክኒን ይበልጣል። ሒሳቡ ልክ ነው፤ በስብሰባ ላይ ቢነገር ጭብጨባ ያስነሳል። ግን ያሳስታልና አንጠቀምበትም። ብረት ከምድር አልጠፋም፤ ርካሽ ነገር ነው። ለእናቶቻችን የጎደለው ብረቱ ሳይሆን ክኒኑን ከጤና ጣቢያው የሚያደርሰው መንገድ፣ የሚሰጠው ሰውና ስለ ጥቅሙ የሚነግራት አፍ ነው።

ዝገቱ ከሚሰጠው የበለጠ ፍጥነት ሲፈለግ ብረቱን ከካርቦን ጋር አስረው የሚያዘጋጁት ቅመም ይመጣል፤ የተማሪዎቻችንም ጥያቄ ያለው እዚህ ነው። የዚህ ቤተሰብ እናት ፌሮሲን ትባላለች። ብርቱካንማ መልክ ያላት ጠጣር ነገር ናት፤ ባለ አምስት ካርቦን የሆኑ ሁለት ቀለበቶች አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው አንዲት የብረት አቶም በመካከላቸው እንደ ሳንዱች ይይዛሉ። ከክብደቷ 30 ከመቶ ያህሉ ብረት ነው። ታሪኳን ለአንባቢ መንገር የሚጠቅም ይመስለናል፤ ምክንያቱም ያገኟት በአንድ አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ አንድ ተማሪና መምህሩ ናቸው። በ1951 በፒትስበርግ ከተማ በዱኬይን ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ኪሊ የተባለ ተማሪና ፒተር ፖሰን የተባለ መምህሩ ሌላ ነገር ለመሥራት ሲሞክሩ ያልጠበቁት ብርቱካንማ ነገር በመሣሪያቸው ውስጥ ቀረ። ፖሰን ራሱ በልጅነቱ ከናዚዎች ሸሽቶ ከጀርመን ወደ ብሪታንያ የተሰደደ ሰው ነበር። ያገኙትን በዚያው ዓመት ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተሙ። የብሪቲሽ ኦክሲጅን ኩባንያ ተመራማሪዎች ከእነርሱ ቀደም ብለው ይህንኑ ነገር አግኝተው ነበር፤ የታተመው ግን በ1952 ነው። የሳንዱቹን ቅርጽ ዊልኪንሰንና ውድዋርድ በሃርቫርድ፣ ፊሸር በሙኒክ ደረሱበት፤ ፊሸርና ዊልኪንሰንም በ1973 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ኪሊ ያገኘውን እንዲደብቅ ፈርሞ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በየት በኩል ይመጣ ነበር?

ፌሮሲን በነዳጁ ውስጥ ስትነድ እጅግ ደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ሆና በሚነደው ገጽ ላይ ትበተናለች፤ ደቃቅነቷም ከዝገቱ ዱቄት የበለጠ ኃይለኛ ያደርጋታል። መፋጠኑ በትክክል በየትኛው ደረጃ፣ በጠጣሩ ገጽ ላይ ይሁን ወይስ ከበላዩ ባለው ጋዝ ውስጥ፣ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። ችግሯ ግን አንድ ቦታ አለመቀመጧ ነው። ስብ ወዳጅ ስለሆነች በጎማው ውስጥ ቀስ እያለች ትጓዛለች፤ ነዳጁ በመጋዘን ዓመታት ሲቆይ ከመካከሉ ሸሽታ ወደ ገጹና ወደ መከላከያው ሽፋን ትወጣለች። ያን ጊዜ አንዱ ክፍል ፈጥኖ፣ ሌላው ዘግይቶ ይነድዳል፤ ነዳጁም ለመታሸትና ለመመታት ይበልጥ ስሜተኛ ይሆናል። ስለዚህ ኬሚስቶቹ መጀመሪያ ከበድ ያለችና መጓዝ የሚቸግራት ካቶሲን የምትባለውን፣ በኋላም ከጎማው ሰንሰለት ጋር ጨርሶ የተሰፋችውን ቡታሲን የምትባለውን አበጁ። የእኛ መምህራን ስለ መድኃኒት ሲያስተምሩን የሚሉትም ይህንኑ ነው፤ ስብ ወዳጅ የሆነ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የትም ይገባል፣ የትም ይከማቻል፣ አንድ ቦታ አስቀምጠህ ልታዘው አትችልም።

ይህ ለሮኬቱ እንቅፋት የሆነው ጠባይ ለሐኪሙ በር ነው። በሶቪየት ኅብረት ዘመን ሞስኮ ላይ በአካዳሚሺያን ኔስሜያኖቭ ተቋም ከፌሮሲን የተዘጋጀ ፌሮሴሮን የተባለ መድኃኒት ለብረት እጥረት የደም ማነስ ይሰጥ ነበር፤ በኋላ ማምረቱ ቆመ። ከዚያ የሚበልጠው የወባው ነገር ነው። ወባን የሚያመጣው ተሕዋስ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተቀምጦ ሄሞግሎቢናችንን ይመገባል። ፕሮቲኑን ሲበላ የሚቀርለት ብረት ያዘለው ሂም ለራሱ መርዝ ነው። ስለዚህ ሂሙን እየደረደረ ጠጣር ቅንጣት አድርጎ ያኖረዋል፤ በማይክሮስኮፕ የምናየው ቡናማ ነጠብጣብ እርሱ ነው። ክሎሮኪን የሚሠራው ይህን መደርደር በማሰናከል ነበር፤ ተሕዋሱ በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል። ተሕዋሱ ክሎሮኪንን መልሶ ማስወጣት ሲማር ግን መድኃኒቱ ከሸፈ። በአገራችንም ለፋልሲፓረም ወባ ክሎሮኪን በ1998 በሌላ መድኃኒት ተተካ፤ ያም ስላልበቃ በ2004 ወደ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን ጥምር ተሻገርን።

በፈረንሳይ አገር የሊል ከተማ ኬሚስቶች ክሎሮኪንን ወስደው በጎኑ ሰንሰለት ውስጥ ፌሮሲንን ሰፉበት። ፌሮኪን ተባለ፤ በ1997 ታተመ። ክሎሮኪንን የለመደው ተሕዋስ ይህን አልቻለም። የፌሮሲን ስብ ወዳጅነት፣ ያ በሮኬት ነዳጅ ውስጥ ያስቸገረው መንከራተት፣ መድኃኒቱን ወደ ተሕዋሱ ሆድ የሚያስገባው ሆኖ ተገኘ። በጋቦንና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች በሰዎች ላይ ተሞክሯል። እስከ ዛሬ ግን ከፋርማሲ መደርደሪያ አልደረሰም። ከ1997 ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ ቁጠሩት። የሞለኪውሉ ችግር የለም አንልም፤ መድኃኒት በየደረጃው ይወድቃል፣ ይህም የተለመደ ነው። ግን ለነዳጅ ማፋጠኛ ሲሆን ከካቶሲን ወደ ቡታሲን የሚያሸጋግር ገንዘብ የሚያጣ ያለ አይመስለንም።

እግረ መንገዳችንን ስለ ጤፍ አንድ ነገር እንበል። እንጀራ ብረት አለው እየተባለ በውጭ ጋዜጦች ሲሞገስ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን በጤፉ ውስጥ ከሚለካው ብረት ብዙው በአውድማ ላይ በሬ ሲያበራየው የተቀላቀለ የአፈር ብረት ነው። ከአፈር ማዕድን ጋር የታሰረ ብረት አንጀታችን አይቀበለውም። ስለዚህ የብረት ነገር መጠኑን በማወቅ አያልቅም። ከአፈር ጋር ከታሰረ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ከሂም ጋር ከታሰረ ኦክሲጅን ይሸከማል፤ በሁለት ቀለበቶች መካከል ከታሰረ ወይ መድኃኒት ወይ ማፋጠኛ ይሆናል። የተማሪውን ነገርም የምናየው በዚሁ ዓይን ነው።

ከማፋጠኛው ይልቅ ሐኪምን የሚያሳስበው ግን ነጩ ጨው ነው። ፐርክሎሬት በውኃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፤ ለረዥም ጊዜም አይፈርስም። መጠኑ ከአዮዳይድ ጋር ስለሚቀራረብ፣ አዮዲንን ከደም ወደ ታይሮይድ ዕጢ የምታስገባዋን በር እርሱ ይዞ አዮዲኑን በውጭ ያስቀረዋል። በ1950ዎቹ ከልክ በላይ ለሚሠራ ታይሮይድ መድኃኒት ሆኖ የተሰጠው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ የአጥንት መቅኒን የሚገድል ጉዳት በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ስለ ታየ እጅግ ተቀነሰ። በአሜሪካ ከ1997 ወዲህ መለኪያው ሲሻሻል፣ ከኔቫዳ የፐርክሎሬት ፋብሪካዎች አካባቢ የፈሰሰው ጨው በሚድ ሐይቅና በኮሎራዶ ወንዝ ውስጥ ተገኝቷል። በዚያው በሄንደርሰን ከተማ ሜይ 4 ቀን 1988 ፔፕኮን የተባለው ፋብሪካ ፈንድቶ ሁለት ሰዎች ሲሞቱ ከ300 በላይ ቆስለዋል። ከቻሌንጀር አደጋ በኋላ በረራው ስለ ቆመ፣ ጨውን የሚወስድ ጠፍቶ በሺህ የሚቆጠር ቶን በግቢው ተከማችቶ ነበር።

ፐርክሎሬት ይበልጥ የሚጎዳው አዮዲን ያነሰውን ሰው ነው። እንቅርት በአንገቷ የወጣባት ሴት በገበያ ማየት እንግዳ ላልሆነበት አገር ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከምፅዋና ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ ከ1998ቱ ጦርነት በኋላ ያ መንገድ ሲዘጋ አዮዲን የሌለው የአፍዴራ ጨው ገበያውን ያዘ፤ አዮዲን መጨመርን ግዴታ ያደረገው ደንብ የወጣው በ2011 ነው። በአገራችን ፐርክሎሬት ፈሰሰ እያልን አይደለም። የምንለው፣ ነገ ከነገ ወዲያ «የነዳጅ ፋብሪካ እናቁም» የሚል ወገን ሲነሳ በጠረጴዛው ዙሪያ ስለ ታይሮይድ የሚያውቅ ሰውም መቀመጥ አለበት ነው። ያንን ሰው የሚያሳውቀው ደግሞ የታተመ ጥናት እንጂ በፊርማ የተዘጋ ደብተር አይደለም።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። በስብሰባው ላይ ሥራውን ይቀበሉ ያሉት ወንድሞቻችን ሦስት ነገር ተናግረዋል። አንደኛው «ዕውቀት ዕውቀት ነው፣ ኬሚስትሪ ወገን የለውም» የሚል ነው። ሁለተኛው «እኛ ብንተወው ሌላው ይሠራዋል» የሚል ነው። ሦስተኛውና ክብደት ያለው፣ ኢትዮጵያም ወደ ጠፈር እየተመለከተች ስለሆነ ይህን የሚያውቅ ልጅ ያስፈልጋታል የሚል ነው፤ በዲሴምበር 2019 የተወነጨፈችውን የመጀመሪያዋን ሳተላይታችንን ጠቅሰዋል። በሌላው ወገን የቆሙት ደግሞ ነገሩ ሁሉ የመግደያ ሥራ ስለሆነ ወደ በሩም መጠጋት አይገባም ብለዋል።

እኛ ከሁለተኛው ወገን ጋር ሙሉ በሙሉ አንስማማም። የአየር ጠባይን የሚያሳውቁ፣ ድርቅን አስቀድመው የሚያሳዩ ሳተላይቶችን ከሚያወጡት ሮኬቶች መካከል በጠጣር ሞተር የሚታገዙ አሉ። አርሶ አደሩ ዝናቡ እንደሚዘገይ ቢያውቅ ማን ይጠላል? ጨውም ብረትም በራሳቸው ኃጢአተኛ አይደሉም። ሆኖም ይህን የሚሉት ወንድሞች የሚናገሩት ከባዶ ተነሥተው አይደለም። በኤፕሪልና በኦክቶበር 2024፣ እንደገናም በጁን 2025 ሚሳይሎች በዚህ አካባቢ ሰማይ ሲመላለሱ ሁላችንም ወደ ላይ ስናይ አድረናል። በ2024 የሊባኖስ ጦርነት ሲፋፋም አሠሪዎቻቸው ቤት ዘግተው ሲሸሹ በጎዳና የቀሩት የቤት ሠራተኞች እህቶቻችን ነበሩ። በኖቬምበር 2020 በጎንደርና በባሕር ዳር፣ በአሥመራም ላይ ሮኬት ሲወድቅ ከዚህ ሆነን ስልክ ስንሞክር የዋልን አባላት አለን። ለእኛ ሮኬት የመጽሐፍ ነገር አይደለም።

ከመጀመሪያው ወገን ጋር የማንስማማው ግን በመሠረቱ ነው። «ኬሚስትሪ ወገን የለውም» የሚለው ለኪሊና ለፖሰን ይሠራል፤ ያገኙትን አውጥተው ለዓለም ሰጥተዋልና። ተፈርሞ የተዘጋ ኬሚስትሪ ግን ወገን አለው፤ ወገኑ ቁልፉን የያዘው ነው። «ሌላው ይሠራዋል» ለሚለው ምን መልስ ይሰጣል? ሌላው ይሥራው። ስለ ሳተላይቱ የተነሳው ግን ራሱን የሚያፈርስ ክርክር ነው። ያቺ ሳተላይት የወጣችው በቻይና ሮኬት ነው፤ ሮኬቱም የነደደው በፈሳሽ ነዳጅ ነው። ይህ ቀርቶ፣ በዚያ ቤተ ሙከራ ሦስት ዓመት የሠራ ልጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ምን ይዞ ይመለሳል? የሠራውን ማስተማር አይችልም። ጽሑፉ ላይ ማሳየት አይችልም። ለሌላ ቤተ ሙከራ ሲያመለክት «ሦስቱን ዓመት ምን ስትሠራ ቆየህ?» ቢሉት መልስ የለውም። ዕውቀቱ በራሱ ጭንቅላት ውስጥ እንደ እስረኛ ይቀመጣል። ሰው የላከን አገር ያገኘችው ነገር የለም።

ስለ ቁጥጥሩም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በ1987 ሰባት መንግሥታት ያቋቋሙትና ዛሬ 35 አባላት ያሉት የሚሳይል ቴክኖሎጂ ቁጥጥር ሥርዓት በዝርዝሩ ውስጥ ካቶሲንን፣ ኢቲል ፌሮሲንን፣ ቡቲል ፌሮሲንንና ሌሎችን በስማቸው አስፍሯል። ኢትዮጵያ የዚህ ሥርዓት አባል አይደለችም። ስለዚህ ፈርሞ የሚገባ ተማሪ ቤተ ሙከራው ባለበት አገር ሕግ፣ ቅመሙን በሚሸጠው አገር ሕግ፣ ነገም ቪዛ በሚጠይቅበት አገር ሕግ ፊት ስሙ በምን እንደሚነሳ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በስብሰባው ላይ ይህን ያነሳ ሰው አልነበረም። የፋርማሲ ክፍል ባልደረባችን ለወባ መድኃኒት ልምምድ የሚሆን ጥቂት ግራም የፌሮሲን ተዋጽኦ አንድ ሻጭ ድርጅት ሲጠይቅ፣ የትኛው ሚኒስቴር እንደሚዋሰው ተጠይቆ አምስት ወር ከተመላለሰ በኋላ ትእዛዙ ተሰርዞበታል። ወደዚያኛው ቤተ ሙከራ ግን በርሜሉ ሳይቋረጥ ይገባል።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው። ተማሪው የሠራውን በመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ማውጣት የማይችልበትን ሥራ የማኅበራችን አባል እንዳይፈርም እንጠይቃለን። መስፈሪያችን ሮኬት መሆኑ አለመሆኑ አይደለም፤ መታተሙ ነው። ነገ የመድኃኒት ኩባንያ በዚሁ ቃል ቢመጣብን ለእኛ ለሕክምና ተማሪዎችም መልሱ ያው ነው።

ይህን ስንል ገንዘቡ ለምን እንደሚያስፈልግ ሳናውቅ አይደለም። የስኮላርሺፕ አበል ለአንድ ሰው ታስቦ የተቆረጠ ነው፤ ከመካከላችን በአንድ ሰው ልክ የሚኖር ግን ማን አለ? የታናሽ እህት ትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ የአባት መድኃኒት አለ፣ «ውጭ አገር ያለው ልጅ» ተብሎ የሚጠበቅ አለ። እስካሁን ፈርመው የገቡ ሁለት ወንድሞች አሉን። በምግብ አዳራሽ ጠረጴዛ የሚለቁባቸውን፣ ከኋላቸው የሚያሙአቸውን አባላት አጥብቀን እንነቅፋለን። ከእነርሱ አንዱ በዚህ ዓመት የታመመውን ተማሪ ለሦስት ሳምንት ሲያስታምም ያደረ ሰው ነው። ሰውን «አትሥራ» ብሎ ባዶ እጁን መተው ቀላል ነው፤ እኛ ያንን አንደግፍም።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ከመረዳጃው ሣጥን፣ ሥራውን ለሚተው ወይም ለማይቀበል አባል ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የጎደለውን ግማሽ እንዲሸፍን ሐሳብ አቅርበናል። የሒሳብ ሹሙ ሣጥኑ ሁለት ሰው እንደሚችል፣ ሦስተኛ ከመጣ ግን የዓመት በዓሉ ወጪ መቀነስ እንዳለበት ነግሮናል። የበዓሉ ድግስ ይቀንስ። ከዚህም ጋር፣ አምስት የኬሚስትሪና የሕክምና ተማሪዎች ስለ ፌሮሲን መድኃኒቶች የታተሙትን ጥናቶች በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተገናኙ ለማንበብ ተስማምተዋል፤ የወባውን ክፍል እኛ እንጀምራለን። የኮንትራቱን ቅጂ በእጃቸው የያዙ አባላት ስማቸውን ሸፍነው ለኮሚቴው እንዲሰጡን እንለምናለን፤ የሕግ ተማሪ የሆኑት እህታችን ከመጪው ጠቅላላ ስብሰባ በፊት አንቀጽ በአንቀጽ ሊያነቡት ፈቃደኛ ሆነዋል።